መዓዛማ ዘይቶችን ማቀላቀል ለጤና ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ባንኮኒያችን ላይ አዲስ ነገር መታየት ጀምሯል። ሰዎች ከቦርሳቸው ትንንሽ ቡናማ ጠርሙሶች ያወጡና "እነዚህን ሁለቱን ብቀላቅላቸው ይሻላል ወይስ ለየብቻ?" ይሉኛል። አንዱ የባሕር ዛፍ ይሆናል፣ ሌላው የናና። አንዳንዱ ላይ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ከኋላ ወረፋ እየጠበቀ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

መዓዛማ ዘይት (ኢሴንሻል ኦይል) የሚባለው ምንድን ነው?

በሶብላ ቀጥፋችሁ በጣታችሁ እሹት። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሽታ እሱ ነው። ተክሉ ይህን ዘይት ቅጠሉ፣ ፍሬው ወይም ልጣጩ ላይ ባሉ በጣም ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ያጠራቅመዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእንፋሎት ነው፤ አሠራሩ ከአረቄ ማውጣት ብዙም አይለይም። ቅጠሉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፣ ዘይቱም ተለይቶ ይቀመጣል።

ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ከምግብ ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት ብታንጠባጥቡ ቅባቱ እዚያው ይቀራል። መዓዛማ ዘይት ግን ተንኖ ይጠፋል።

ደግሞ በጣም የተጠራቀመ ነገር ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ ጠጅ ሳር የሚገኘው ግማሽ ኪሎ ገደማ ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። እንግዲህ አንድ ጠብታ ምን ያህል ቅጠል እንደያዘች አስቡት። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ይህችን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

"ውህዶች" ሲባልስ? አንድ ዘይት አንድ ነገር አይደለም እንዴ?

አይደለም። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ የተለያዩ ውህዶች፣ ማለትም ኬሚካሎች፣ አሉ። ሽታውንና ጉልበቱን የሚሰጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስቱ ናቸው። በቅርንፉድ ዩጂኖል ይበዛል። በቀረፋ ቅርፊት ሲናማልዴሃይድ። በጠጅ ሳር ሲትራል። በብርቱካን ልጣጭ ሊሞኒን። በነጭ ባሕር ዛፍ ሲኒኦል፣ ዩካሊፕቶልም ይባላል። በድንብላል ሊናሎል። በነጭ አዝሙድ ታይሞል። በጦስኝ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ሁለቱ ወንድማማቾች።

ስለዚህ ሁለት ዘይት ስትቀላቅሉ የምትቀላቅሉት ሁለት ነገር አይደለም፤ ሁለት ሕዝብ ነው።

ሲቀላቀሉ በእርግጥ ይበረታሉ?

አንዳንዴ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልሰው፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እዚህ ላይ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩበት ዘዴ የዳማ ሰሌዳ ይመስላል። ብዙ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን አለ። በየጉድጓዱ ባክቴሪያ ይጨመራል። ወደ ጎን ስትሄዱ የአንዱ ውህድ መጠን እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ታች ስትሄዱ የሌላው። ባክቴሪያው ማደግ ያቆመበት ጉድጓድ ይፈለጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ከሚያስፈልገው መጠን ምን ያህሉ እንደበቃ ተሰልቶ ሁለቱ ይደመራሉ።

በምሳሌ ላስረዳ። የአንደኛው ግማሽና የሌላኛው ግማሽ ተገናኝተው ከሠሩ ድምሩ 1 ነው። ይህ ተራ መደመር ነው፤ ማንም ማንንም አላበረታም። የአንዱ ሩብና የሌላው ሩብ ከበቃ ግን ድምሩ 0.5 ሆነ። 0.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን መደጋገፍ አለ ይባላል። ከ4 በላይ ከሆነ ደግሞ እየተጣሉ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። በመሃል ያለው ሁሉ ወይ መደመር ነው ወይ ምንም።

መደጋገፉ ከየት ይመጣል? ከሁሉ የማደንቀው ምሳሌ ጦስኝ ውስጥ አለ። ፓራሳይሚን የሚባል ውህድ ለብቻው ባክቴሪያን ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን በባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ያሳብጠዋል። ካርቫክሮል ደግሞ ያንን ሽፋን የሚያፈስስ ነው። ሽፋኑ አብጦ ሲያገኘው ሥራው ይቀለዋል። ደካማ ያልነው በሩን ከፈተ፣ ብርቱው ገባ። ይህ ተቀቅሎ ባደረ ሩዝ ላይ በሚራባውና በሚያስመልሰው ባክቴሪያ ላይ ሳይቀር ተሞክሮ ታይቷል። ሁለቱም ውህዶች አንድ ቅጠል ውስጥ ተቀምጠው ማግኘቴ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲቀላቀል ጥቅሙ ሊበረታ እንደሚችል ሁሉ ጉዳቱም ሊበረታ ይችላል። ሽፋን የሚያፈስስ ነገር የባክቴሪያውንና የእናንተን ቆዳ መርጦ አይነካም። ሰው ይህንን ግማሹን ይዞ ነው ወደ እኔ የሚመጣው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ጀርም ከገደለ እኔንም ያድነኛል ማለት አይደለም?

በረኪናም ሳህን ላይ ያለ ጀርም ይገድላል። ማንም ግን አይጠጣውም።

ሳህኑ ላይ ባክቴሪያውና ዘይቱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በሰው አካል ውስጥ እንደዚያ አይደለም። የተዋጠው ውህድ ጉበት ጋ ሲደርስ ቶሎ ተለውጦ በሽንት ይወጣል። ደም ውስጥ የሚቀረው፣ ሳህኑ ላይ ከሠራው መጠን በጣም ያነሰ ነው። ወደዚያ መጠን ለመድረስ ብሎ ብዙ የሚወስድ ሰው ደግሞ ከባክቴሪያው ቀድሞ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ "ተፈትኗል" ሲሏችሁ "በምን ላይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

በሰው ላይ ተፈትኖ የጠቀመ ቅልቅል አለ?

አለ። ደስ ብሎኝ የምመልሰው ጥያቄ ይህ ነው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ለሆድ ነው። ጀርመን ውስጥ የሚሠራ፣ በአንድ እንክብል 90 ሚሊግራም የናና ዘይትና 50 ሚሊግራም የካራዌይ ዘይት የያዘ መድኃኒት አለ። ምርመራ ተደርጎ ቁስል ሳይገኝባቸው ሆዳቸው እየተነፋ፣ ቶሎ እየጠገቡ፣ ከእምብርታቸው በላይ እያመማቸው ለሚቸገሩ ሰዎች ነው። በተደጋጋሚ ጥናት ከባዶ እንክብል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ነገር ልጨምር። ካራዌይ የእኛ ነጭ አዝሙድም ጥቁር አዝሙድም አይደለም፤ ሌላ ተክል ነው። እንክብሉም አንጀት ሲደርስ ብቻ የሚሟሟ ሽፋን አለው። ከአንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ማብረጃ መድኃኒት) ጋር ከተወሰደ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ይሟሟና ቃር ያመጣል። ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ዘይት ጠብ አድርጎ መዋጥ እንግዲህ ያንን መድኃኒት መውሰድ አይደለም።

ሁለተኛው ለአፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የተሠራው ሊስትሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ የአራት ውህዶች ቅልቅል ነው፤ ታይሞል፣ ዩካሊፕቶል፣ ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት። መጠናቸውን ተመልከቱ። ታይሞል 0.064 በመቶ፣ ዩካሊፕቶል 0.092 በመቶ፣ ሜንቶል 0.042 በመቶ፣ ሜቲል ሳሊሲሌት 0.060 በመቶ። አንዳቸውም አንድ አሥረኛ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ጥርስ ከመቦረሽ ጋር ተጨምሮ ለስድስት ወር በተደረጉ ጥናቶች የጥርስ ላይ ቆሻሻንና የድድ ቁጣን ቀንሷል። ትንሽ ሆነው፣ ተደጋግፈው፣ ተጉመጥምጠው የሚተፉ ናቸው። ብሩሽን ግን አይተኩም።

ሦስተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቪክስ ነው። ካምፎር፣ ሜንቶልና የባሕር ዛፍ ዘይት በቫዝሊን መሰል ቅባት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ከ2 እስከ 11 ዓመት ያሉ ጉንፋን የያዛቸውን ልጆች ተመልክቶ ነበር። ደረታቸውና አንገታቸው ላይ የተቀቡት፣ ባዶ ቫዝሊን ከተቀቡትና ምንም ካልተቀቡት ይልቅ ሌሊቱን ሳልም ቀነሰላቸው፣ እንቅልፍም ወሰዳቸው። ወላጆቻቸውም አብረው ተኙ። አንዳንድ ልጆች ግን ቆዳቸውን ወይም ዓይናቸውን አቃጥሏቸዋል።

ከሦስቱ የምንማረው አለ። መጠኑ የታወቀ ነው። የሚገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ለማን እንደሆነም የታወቀ ነው።

ቪክስ ስቀባ አፍንጫዬ ይከፈታል። ሜንቶል ያንን እንዴት ያደርገዋል?

በእውነቱ አፍንጫው አይከፈትም። የአየሩ መተላለፊያ ሲለካ ብዙም ለውጥ አይታይበትም። ሜንቶል የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። አንጎላችን ቀዝቃዛ አየር እየገባ ነው ብሎ ያምናል፣ እፎይ እንላለን። ሚጥሚጣ ሳያቃጥል "ያቃጥላል" እንደሚባለው ነው። ሳይንቲስቶቹ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን በመሰለ የነርቭ ሥራ ላይ ሲሆን፣ መነሻቸው ከሆኑት ነገሮች መካከል የበርበሬ ማቃጠያውና ሜንቶል ነበሩ።

እፎይታው ዋጋ የለውም አላልኩም። ለታፈነ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው።

እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ይህንኑ ማቀላቀል አይደል የሚያደርጉት?

ነው! ይህን የጠየቀችኝ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እናቴ ቅቤ ስታነጥር ከሰሉ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ቅቤው ቀልጦ አረፋው ሲነሳ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይገባል። ከዚያ እርድና አብሽ። የተወቀጠው ኮረሪማ ቀጥሎ ነው። ኮሰረቱንና በሶብላውን መጨረሻ ላይ፣ በእጇ አሸት አድርጋ ትበትነዋለች። ቅቤው ይንጫጫል። በዚያች ቅጽበት ግቢው ሁሉ ይሸታል፣ ጎረቤት "ምን እየሠራችሁ ነው?" ይላል። ቅጠሉ ሳያር ድስቱን ታወርደዋለች። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋት "ሽታው ይሄዳል" ትላችኋለች።

ልክ ናት። የኮሰረቱ ሊናሎልና የኮረሪማው ሲኒኦል በእሳት ይተናሉ፤ ከቅባት ጋር ግን ይዋደዳሉ። ቅቤው ያዛቸው ማለት ነው። ከቅመሞቹ ውስጥ ቅባት ቶሎ እንዳይከረፋ የሚረዱም አሉ። የተነጠረ ቅቤ ያለ ፍሪጅ የሚቆየው ውሃው ስለወጣለት ብቻ ሳይሆን በቅመሙም ጭምር ነው።

ነገር ግን ይህ ምግብ ነው። በአንድ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ያለው የመዓዛ ውህድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ሳንፈራ እንበላዋለን። ሐሞት ወይም ልብ ለሚያስቸግረው ሰው "ቅመሙ መድኃኒት ነው" ብዬ ቅቤ አላዝለትም።

ከታዘዘልኝ አንቲባዮቲክ ጋር ብጨምረው ቶሎ አይሽለኝም?

በሳህን ላይ ዩጂኖል፣ ካርቫክሮልና ሲናማልዴሃይድ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን ሲያግዙ ታይተዋል። መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች በበዙበት ዘመን ይህ ተስፋ የሚሰጥ ምርምር ነው፤ እኔም በጉጉት እከታተለዋለሁ። ለበሽተኛ የሚታዘዝበት ደረጃ ላይ ግን አልደረሰም። የታዘዘላችሁን ጨርሱ። ዘይት ጀመርኩ ብላችሁ እንክብሉን ከአምስተኛው ቀን አታቁሙ።

ለዶሮ መኖ የሚጨመረውስ?

እዚህ ከተማ ዳር ዶሮ የሚያረቡ ብዙ ሰዎች ስላሉ ይጠይቁኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለዕድገት ተብሎ አንቲባዮቲክ በመኖ ውስጥ መጨመርን ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የታይሞል፣ የካርቫክሮልና የሲናማልዴሃይድ ቅልቅሎች በመኖ ገበያው ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ውጤታቸው ከእርባታ እርባታ ይለያያል። መጠኑን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ማታ ማታ ትንኝ ያስቸግረናል። የሚከላከል ቅልቅል አለ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ቢጠይቅ አይገርምም። ወባም አለብን።

የመዓዛማ ዘይት ችግሩ መተነኑ ነው። ሲትሮኔላ የሚባለው የጠጅ ሳር ዘመድ ዘይት ትንኝን ያባርራል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላው ሽታ፣ ሲጨመርበት የሚከላከልበት ጊዜ እንደሚረዝም ታይቷል። ከባዱ ቀላሉን ይይዘዋል። ሽታው እንደ ሎሚ ከሆነው የባሕር ዛፍ ዓይነት የሚዘጋጅ ፒኤምዲ የሚባል ውህድ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ይከላከላል፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይሆንም። ጥሬው የባሕር ዛፍ ዘይትና ፒኤምዲ አንድ አይደሉም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ሻጮችም ይደናገራሉ።

ምንም ብትቀቡ አጎበሩን አትተዉ።

ዳማከሴና ጤና አዳም አብሬ ብቀባስ? ለምች ጥሩ ነው ይባላል።

ዳማከሴን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆኜ ምች ሲመታኝ አያቴ ቅጠሉን መዳፏ ላይ አሽታ፣ አረንጓዴ ጭማቂው በጣቶቿ መሃል ሲወርድ ግንባሬ ላይ ትቀባኝ ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ያረጋጋኛል። ግን ሐዋሳ ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ምች ብቻ አይደለም። ወባም ይሆናል። ዳማከሴውን ተቀቡ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ደማችሁን ተመርመሩ።

ስለ ጤና አዳም ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። አንድ ወጣት ትንኝ ይከላከልልኛል ብሎ ክንዱንና አንገቱን በእርጥብ ጤና አዳም አሽቶ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ሲዝናና ዋለ። በማግስቱ ማታ ቆዳው ቀላ። በሦስተኛው ቀን እኔ ዘንድ ሲመጣ ክንዱ እንደ ፈላ ውሃ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል። ጣቶቹ የሄዱበት መስመር ሁሉ ይታይ ነበር። ጠባሳው ለብዙ ሳምንታት ጠቁሮ ቆየ። ጤና አዳም ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳ የሚያቃጥሉ ውህዶች አሉ። የሎሚ ልጣጭም እንዲሁ ያደርጋል። እዚህ ላይ ሦስተኛው ተቀላቃይ የሐዋሳ ፀሐይ ነበር። በቡና ውስጥ የምትገባው አንዲት ዘለላ ሌላ ነገር ናት።

ቤት ውስጥ ለመታሻ መቀላቀል ብፈልግ ስንት ጠብታ ነው?

ለጤነኛ አዋቂ 2 በመቶ ይበቃል። በ30 ሚሊሊትር የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ገደማ ማለት ነው። ለፊት ግማሹ፣ 6 ጠብታ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 12ቱ ለእያንዳንዱ ዘይት አይደለም፣ ለሁሉም በድምሩ ነው። ሁለት ዘይት ከሆነ ስድስት ስድስት። ሦስት ከሆነ አራት አራት። "ስለቀላቀልኩ ይጠነክራል" ካላችሁ መጠኑን መቀነስ ነው እንጂ መጨመር አይደለም። ቀረፋና ቅርንፉድ ቆዳ ስለሚያቃጥሉ ከዚህም በጣም አንሱ፤ ለጀማሪ ጭራሽ ባይገቡ እመርጣለሁ።

በውሃ አታቅጥኑት። ዘይቱ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና ሳይቀጥን ቆዳችሁ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ የክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

በባሕር ዛፍ ቅጠል ስለመታጠን ደግሞ አንድ ቃል። ልጅ ከብርድ ልብስ ሥር ከፈላ ድስት ጋር አታስቀምጡ። እኔ ያየሁት ጉዳት ከዘይቱ ይልቅ ከፈላው ውሃ የመጣ ነው።

ለእንቅልፍና ለጭንቀትስ?

ላቬንደር በዚህ ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ አለው። 80 ሚሊግራም የያዘ እንክብል ጀርመን ውስጥ ለጭንቀት ይሸጣል፤ ጥናቶቹም ጥሩ ናቸው። ዋና ውህዱ ሊናሎል ነው። ድንብላልም ኮሰረትም ሊናሎል አላቸው። ከዚህ ተነስቶ "ኮሰረት ጭንቀት ያድናል" ማለት ግን አይቻልም፤ ማንም በዚያ መልክ አልፈተነውም። ሽታው ደስ ካላችሁ አሽትቱት። ደስ ማለቱ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠብ አድርጌ በሻይ ብጠጣውስ?

የጦስኝ ሻይ ጠጡ፣ ደግ ነው። የጦስኝ ዘይት ግን በሻይ አትጠጡ።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ለጡንቻ ሕመም የሚቀባ ዊንተርግሪን የሚባል ዘይት አለ፤ አብዛኛው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊሊትር፣ ወደ 7 ግራም አስፕሪን ይጠጋል። ከ20 በላይ ባለ 325 ሚሊግራም የአስፕሪን ክኒን በአንድ ጊዜ መዋጥ ማለት ነው። ልጅ ይገድላል። የባሕር ዛፍ ዘይት በዚያችው ማንኪያ ልጅን ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስተው ይችላል። የቅርንፉድ ዘይት የሕፃናትን ጉበት ጎድቷል።

ጥርስ ላይ ቅርንፉዱን ራሱን መንከስ ሌላ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ሳይቀሩ ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር አቡክተው ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል።

እነማን መጠንቀቅ አለባቸው?

ነፍሰ ጡር እናቶች፣ በተለይ ከጤና አዳም ዘይትና ከተጠራቀመ ጭማቂው ይራቁ፤ ማኅፀን ያነሳሳል። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቪክስ አይቀባም፤ በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። በቅርቡ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ይዛ መጣች። "ለአፍንጫው ትንሽ ነው የነካሁት" አለችኝ። ልጁ ትንፋሽ እያጠረው ነበር። ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ዳነ። እናቲቱ በፍቅር ያደረገችው ነው፤ ማንም አልነገራትም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከካምፎር፣ ከባሕር ዛፍና ከጥብስ ቅጠል ዘይት ይራቅ። አስም ያለበት ሰው ጠንካራ ሽታ ራሱ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ለወገቡ የሚቀባው የሕመም ማስታገሻ ሜቲል ሳሊሲሌት ካለበት ደሙ ከመጠን በላይ ሊቀጥን ይችላል። በቆዳ በኩል እንኳ! ስለዚህ ቅባት ስትገዙም የምትወስዱትን መድኃኒት ንገሩን።

የእጣንና የከርቤ ዘይት ተቀላቅሎ ካንሰር ያድናል የሚባለውስ?

አያድንም። ሰዎች የሚጠቅሱት ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለውን የእጣን ውህድ ነው። እሱ ግን ከባድ ስለሆነ በእንፋሎት አይተንም፤ በዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ አይገኝም። ሙጫው ውስጥ ነው የሚቀረው። ሕክምናውን አቋርጦ ገንዘቡን በጠርሙስ ላይ ያፈሰሰ ቤተሰብ አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም።

ስገዛ ምን ልይ? የትስ ላስቀምጠው?

የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ይጻፍበት። "የባሕር ዛፍ ዘይት" ብቻ አይበቃም። አንዱ ዓይነት በሲኒኦል የተሞላ ነው፤ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ግን ሲትሮኔላል ነው የሚበዛበት። ሥራቸው ይለያያል። ጦስኝም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ተራራ የመጣው ታይሞል ሲበዛበት ከሌላው የመጣው ካርቫክሮል ወይም ሊናሎል ይበዛበታል። ያለ መለያ የተገዛ ዘይት ሲቀላቀል ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማንም አያውቅም።

እዚሁ አጠገባችን ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ይሠራል። ጠጅ ሳር ወይም ናና ተክሎ ዘይት ማውጣት የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ይዞ ወደዚያ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

የወረቀቱን ሙከራ አትርሱ። ጠብታው ከደረቀ በኋላ ቅባት ከቀረ በምግብ ዘይት የተበረዘ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ከባድ ዘይቶች ግን ሳይበረዙም ትንሽ ምልክት ይተዋሉ።

ጠርሙሱ ጠቆር ያለ፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ ቦታው ቀዝቃዛ ይሁን። መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ሊሞኒንና ሊናሎል አየር ሲያገኛቸው ወደ ሌላ ነገር ይለወጣሉ፤ ያ የተለወጠው ነው ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚያሳክከው። ሽታው የተለወጠ ዘይት ለወለል ማጽጃም ቢሆን በጓንት ነው።

ልጄ ጠርሙሱን አንስቶ ጠጣብኝ። ምን ላድርግ?

አታስመልሱት። ዘይቱ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያ ከመዋጡ የባሰ ነው። ወተትም አትስጡት፣ ሌላ ዘይትም አትስጡት። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙና እጠቡት።

ደህና ቢመስልም እቤት አታቆዩት። መንቀጥቀጡ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመጣ ይችላል። በባጃጅም ይሁን በጎረቤት መኪና በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶም ቢሆን፣ ጽሑፉ ቢለቅም። ከስንት ሰዓት በፊት እንደጠጣና ምን ያህል እንደጎደለ ንገሯቸው።

እኛ መድኃኒት ቤት ቀርበን ብንገኝ እንኳ መጀመሪያ ወደ እኛ አትምጡ። በዚያ ሰዓት እኛ ጋ የምታጠፉት አምስት ደቂቃ የልጁ ነው።